የዘንዶው ዋጋ፦ በጎነትና ሙሉነት በኧርዝሲ መጻሕፍት

ስለ ፋንታሲ ልቦለድ የሚጽፉ ተቺዎች ቶልኪንንና ለጉዊንን በሁለት ጎራ ማቆም ይወዳሉ። የጄ. አር. አር. ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» (1954–55፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ክፉን ከደግ ለይቶ፣ ክፉውን እሳት ውስጥ ከትቶ የሚያበቃ ሥራ ተደርጎ ይነበባል። የኡርሱላ ለጉዊን «የኧርዝሲው አስማተኛ» (1968) ደግሞ ሰው ከገዛ ጥላው ጋር ታርቆ ሙሉ የሚሆንበት ታሪክ ነው ይባላል። ከዚህም የመጀመሪያው ስለ ግብረገብ፣ ሁለተኛው ስለ ሥነልቡና ነው የሚል ድምዳሜ ይከተላል። አከፋፈሉ ለማስተማር ይመቻል፤ መጻሕፍቱን ግን ያሳንሳል፤ በተለይ የለጉዊንን። በእሷ ዘንድ ሙሉነት ደግና ክፉን ከመለየት ሸክም የሚያሳርፍ ነገር አይደለም፤ ደጉን አስቀድሞ ያልመረጠ ሰው አይደርስበትም። ይህንንም አጉልቶ የሚያሳየው ሁሉም የሚጠቅሰው የመጨረሻው ምዕራፍ ሳይሆን፣ ብዙዎች እንደ ጀብዱ ቆጥረው የሚያልፉት አንድ የመሐል ትዕይንት ነው።

ታሪኩን ለማስታወስ ያህል፣ ጌድ በጎንት ደሴት የተወለደ ፍየል ጠባቂ ነው። ተሰጥኦው ሲታወቅ ኦጊዮን የተባለ ዝምተኛ አስማተኛ እውነተኛ ስሙን ያወጣለታል፤ ልጁ ግን ትዕግሥት ስለሌለው ሮክ ደሴት ወዳለው የአስማት ትምህርት ቤት ይሄዳል። እዚያ ጃስፐር ከሚባል ተማሪ ጋር እልህ ተጋብቶ፣ ችሎታውን ለማሳየት ብቻ፣ ከጥንት የሞተች ሴት መንፈስ ይጠራል። በሕያዋንና በሙታን መካከል ያለው መጋረጃ ይቀደድና ቅርጽ የለሽ ጥላ ወጥቶ ፊቱን ይቦጫጭረዋል፤ ቀዳዳውን ለመድፈን የትምህርት ቤቱ አለቃ ኔመርል ኃይሉን ሁሉ አፍስሶ ይሞታል። ጥላው ጌድን ከደሴት ደሴት ያሳድደዋል። በኋላ በኦጊዮን ምክር ጌድ ፊቱን አዙሮ አሳዳጁን ያሳድዳል፤ ከምሥራቁ ዳርቻ ባሻገር ሲገናኙም ሁለቱ በአንድ ጊዜ አንድ ስም ይጠራሉ፤ ስሙም ጌድ ነው። አሸናፊ የለም፤ ተሸናፊም የለም። የታሪኩ ዓለም በሆነው በኧርዝሲ የነገርን እውነተኛ ስም ያወቀ በዚያ ነገር ላይ ሥልጣን አለው። የክርስትና ስም የተጻፈበትን ክታብ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ ክታቡ ጋኔኑን ከውጭ የሚከላከል ሲሆን፣ ጌድ ጥላውን የሚጠራው በራሱ ስም መሆኑ ነው።

ይህን መጨረሻ ያነበበ ሁሉ ካርል ዩንግን ማስታወሱ አይቀርም። ዩንግ ሰው ሊያውቀው የማይፈልገውን የራሱን ገጽታ «ጥላ» ብሎታል፤ በ1951 ባሳተመው «አዮን»ም ክፋት የበጎ ነገር ጉድለት ብቻ ነው የሚለውን፣ ከአውግስጢኖስ ስም ጋር የተያያዘውን ትምህርት አጥብቆ ተቃውሟል። ለጉዊን ግን መጽሐፉን ስትጽፍ ዩንግን ገና አላነበበችም ነበር፤ ጥላን በእሱ መነጽር ያብራራችው በ1975 ባሳተመችው ድርሰት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው አባቷ፣ አንትሮፖሎጂስቱ አልፍሬድ ክሮበር፣ ያነብበው የነበረውን «ታኦ ቴ ቺንግ» ነው፤ በ1997 የራሷን የእንግሊዝኛ ቅጂ እስከ ማሳተም ደርሳለች። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በታኦ አስተሳሰብ ብርሃንና ጨለማ ይደጋገፋሉ፤ ይህ ግን ርኅራኄና ጭካኔ ይደጋገፋሉ ማለት አይደለም። ጨለማን ከክፋት ጋር አንድ የማድረግ ልማድ ከአንባቢው የሚመጣ ነው፤ ለጉዊንም ልማዱን አውቃ ተጋፍታዋለች። ጌድ ቀይ ዳማ ነው፣ ታማኝ ወዳጁ ቬች ጥቁር ነው፣ መንደር የሚያቃጥሉት ወራሪዎቹ ካርጎች ግን ነጮች ናቸው። በ2004 አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ጌድን በነጭ ተዋናይ ሲያቀርበው ደራሲዋ በይፋ መቃወሟ ከቆዳ ቀለም ክርክር በላይ ነበር፤ የመጽሐፉን አስተሳሰብ መከላከሏም ነበር።

አሁን ወደ መሐሉ ትዕይንት እንምጣ። ጌድ ትምህርቱን ጨርሶ ሎው ቶርኒንግ በተባለች የድሆች ደሴት ተመድቧል፤ ሥራው በአቅራቢያዋ ካለችው ፔንዶር የሚመጡ ዘንዶዎችን መከላከል ነው። ጥላው እየቀረበው ስለሆነ መሸሽ ይፈልጋል፤ ሰዎቹን ያለ ጠባቂ ጥሎ መሄድ ግን አልሆነለትም። ስለዚህ ራሱ ወደ ፔንዶር ይሻገራል። የአሮጌው ዘንዶ ስም ዬቮድ እንደሆነ ከጥንት ታሪክ ገምቶ ደርሶበታል፤ በዚያ ስም ሊያስምለው ይችላል። ዘንዶው በምትኩ የሚያቀርብለት የጥላውን ስም ነው። ጌድ ይፈተናል፤ ከዚያ ግን ድርድሩን ለራሱ ሕይወት ሳያውለው ይቀርና ዘንዶው ወደ ደሴቶቹ ዳግም እንዳይበር ያስምለዋል። ሙሉነት የመጨረሻው ግብ ቢሆን ኖሮ ጌድ እዚህ ላይ ተሳስቷል ማለት ነበረብን፤ ሙሉ የሚያደርገው ስም እጁ ላይ ቀርቦለት ለዓሣ አጥማጆች ሲል ገፍቶታልና። መጽሐፉ እንዲህ አይልም። ጥላውን ከመጋረጃው ወዲያ ያወጣው ኩራት ነው፤ ስሙን በሌሎች ሕይወት ቢገዛው ኖሮ ያንኑ ኩራት በደገመ ነበር። ደግሞም ዘንዶው ሊሸጥለት የፈለገው ስም ጌድ ከልጅነቱ ጀምሮ የያዘው የራሱ ስም ነው። የጎደለው እውቀት አልነበረም፤ ስሙን በጥላው ፊት ሊጠራ የሚችል ሰው መሆን ነበር። ጥላው በመጨረሻ ሲቀርብ የሚለዋውጣቸውን ፊቶች ልብ ይሏል፦ የአባቱ፣ የጃስፐር፣ ከዚያም የፔችቫሪ። ፔችቫሪ ጠላት አይደለም፤ ጌድ ልጁን ከሞት ሊመልስለት ሞክሮ ያልቻለው የሎው ቶርኒንግ ጀልባ ሠሪ ነው። ስለዚህ ጥላው የክፉ ምኞት ጎተራ ብቻ አይደለም፤ ያልተከፈለ ዕዳም በውስጡ አለ። ኔመርል እንደሞተ ይቀራል፤ የጌድ ሙሉ መሆን እሱን አያስነሣውም።

በዚህ መንገድ ሲነበብ ከቶልኪን ጋር ያለው ርቀት ይጠባል። ቶም ሺፒ በ1982 ባሳተመው ጥናቱ «የቀለበቶቹ ጌታ» ሁለት አመለካከቶችን ጎን ለጎን እንደያዘ አሳይቷል፤ በአንዱ ክፋት ባዶነት ነው፣ በሌላው ከውጭ የሚጫን ኃይል። ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚለው ክስ ከዚህ በኋላ ብዙም አያስኬድም። ቀለበቱን ሊያጠፋ የሄደው ጀግናው ፍሮዶ እሳቱ አፋፍ ላይ በፈተናው ወድቋል፤ ቀለበቱን የእኔ ነው ብሏል። የዳነው ቀደም ሲል የቀለበቱ ባሪያ ለሆነው ለጎለም በተደረገለት ምሕረት ነው፤ ጎለም ጣቱን ነክሶ ቀለበቱን ነጥቆ ገደል የገባው በዚያ ምሕረት በሕይወት ስለቆየ ነው። ፍሮዶ ግን አይፈወስም፤ ቁስሉን ይዞ ባሕር ይሻገራል። ቶልኪን ያለ ሙሉነት በጎነትን ተርኳል፤ ለጉዊን በበጎነት በኩል ሙሉነትን ተርካለች። እውነተኛው ልዩነት የጀግናው መንታ ምን ይሆናል የሚለው ላይ ነው፤ ጎለም ይጠፋል፣ የጌድ ጥላ አይጠፋም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ የአጥፊዎች ግብረገብ ነው ሊባል ይችላል። ጥላውን ያወጣው ጌድ ራሱ ስለሆነ ክፋትን በውስጡ መፈለጉ ተገቢ ነው፤ ክፋት ከሌሎች እጅ የደረሰበትን ሰው «ጥላህን ተቀበል» ማለት ግን ጭካኔ ይሆናል። ተቃውሞው እውነት አለው። ለጉዊን የተቃራኒውን አደጋም አይታለች፦ ጎሮ ሚያዛኪ በ2006 የኧርዝሲን ታሪክ ለጊብሊ ስቱዲዮ ፊልም ሲያደርገው፣ ክፋት ሁሉ በአንድ ጠላት ላይ ተከምሮ እሱ ሲሞት ነገሩ መፍትሔ አገኘ መባሉን ነቅፋለች። ለተቃውሞው የሚሆነውን መልስ ግን ከዚያ በፊት በ1990 በ«ተሃኑ» ሰጥታለች። የመጽሐፉ ልጅ ቴሩ ሊጠብቋት በሚገባቸው ሰዎች ተደፍራ፣ ተደብድባ፣ እሳት ውስጥ የተጣለች ናት፤ ግማሽ ፊቷ ተቃጥሏል። ከአጥቂዎቿ ጋር እንድትታረቅ ማንም አይጠይቃትም፤ ኃይሉን አጥቶ የተመለሰው ጌድም ቴሩ ያለችበትን ቤት ሊሰብሩ ከመጡት አንዱን በመንሽ ይወጋል። አንዳንዶች ይህን መጽሐፍ የቀድሞውን የካደ አድርገው ቆጥረውታል። እኔ እንደማየው የተካደው ሮክ ነው፦ ሚዛንን የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ሴቶችን ከደጁ ሲመልስ የኖረ፣ ራሱ ጎዶሎ የሆነ ተቋም።

በጎነት መቅደም ካለበት ሙሉነት ተራ ሽልማት አይሆንም ወይ የሚል ጥያቄም ይነሣል። አይሆንም፤ ጌድ ከዘንዶው ፊት ሲመለስ ምንም አላገኘም፤ ይልቁንም ጥላው በኦስኪል ደሴት ሊገድለው ለጥቂት ነው የሳተው።

ለጉዊን ጥርጣሬዋን በመጨረሻ ወደ ስም ራሱ አዞረችው። በ2001 በወጣው «ሌላው ነፋስ» ሙታን ስማቸውን ይዘው የሚታሰሩበት ደረቅ ምድር፣ የጥንት አስማተኞች ሞትን ለማምለጥ ሲሉ ከዘንዶዎች ግዛት ሰርቀው በግንብ ያጠሩት እንደሆነ ይገለጣል። ጌድን ሙሉ ያደረገው የስም ጥበብ ሙታንን ማሰሪያም ሆኖ ኖሯል። በመጀመሪያው መጽሐፍ አረመኔ የተባሉት ካርጎች እውነተኛ ስም የላቸውም፤ ወደዚያ ምድርም አይወርዱም፤ ስለ ሞት የተሻለ የሚያውቁት እነሱ ሆነው ተገኙ። ግንቡን ከሚያፈርሱት መካከል የተሰበረ ሸክላ በመጠገን የሚተዳደረው አልደርና ፊቷ የተቃጠለው ልጅ ይገኛሉ። የ1968ቱን ሙሉነት የአንድ ወጣት የውስጥ ጉዳይ አድርጎ ማንበብ የሚቻለው እዚህ ድረስ ሳይከተሉት ከቀሩ ነው።