አሥራ አንድና አሥራ ዘጠኝ

ወደ ሰቆጣ ለሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚታየው የእጅ ሥራ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የተባለው ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። አለት የሚፈለፍል ሰው አንዴ ቆርጦ የጣለውን ድንጋይ መመለስ አይችልምና አድናቆቱ ይገባዋል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን በዋግ ካህናት እጅ ያለ፣ እንግዳ የማያየው ሌላ ሥራ ነው፤ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚሰላበት ባሕረ ሐሳብ። አልጀብራን ደረጃ በደረጃ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያለ አይመስለኝም።

2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ለዘመን ተቀንሶ 12 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 በ30 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አበቅቴ ማለት ይህ ነው። ያው ወንበር በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 በ30 ሲገደፍ 18 ይተርፋል፤ እሱም መጥቅዕ ነው። 12 እና 18 ሲደመሩ 30።

አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ከ30 እንደማይበልጡም እንደማያንሱም የቆሎ ተማሪው በቃሉ ይዞታል። ለምን እንደሆነ ደግሞ የሰቆጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በአንድ መስመር ያሳያል። ወንበሩን «ወ» ይበለው፤ 11ወ + 19ወ = 30ወ። ይህ ለ30 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሁለቱ ቀሪዎች እያንዳንዳቸው ከ30 ስለሚያንሱ ድምራቸው 30 ወይም ዜሮ ከመሆን ሌላ መንገድ የለውም። ዜሮ የሚሆነው ወንበሩ ራሱ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ አበቅቴ አልቦ፣ መጥቅዕ 30 ተብሎ ይያዛል። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት የሚያንሰው በ11 ቀን ያህል ነው፤ 19 ደግሞ 11 ከ30 ሲቀነስ የሚቀረው። ስለዚህ ማባዛቱ ላይ የተሳሳተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ድምሩ ላይ ይያዛል። ባለሙያው ማረጋገጫውን ከሥራው ጋር አብሮ ሰፍቶታል።

ከሁሉ የምወደው ግን ለየዕለቱ የተመደበውን ተጨማሪ ቁጥር፣ ተውሳኩን ነው። ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6 እያለ ወርዶ ዓርብ 2 ላይ ይቆማል። ሲያዩት በዘፈቀደ የተደረደረ ይመስላል። መጥቅዕ 18 ከ14 ስለሚበልጥ በመጥቅዑ ቁጥር የሚውለው በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ዋለ፤ ቀኑ እሑድ ነበር። 18 ላይ የእሑድ 7 ሲደመር 25፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ ማለት ነው። አሁን ቁጥሩን እንፈትሸው። ከመስከረም 18 እስከ ጥር 18 አራት ወር፣ 120 ቀን ነው፤ 120 ደግሞ 17 ሳምንት ከአንድ ቀን። ስለዚህ ጥር 18 ሰኞ ይሆናል፤ 7 ሲጨመርበትም ሰኞ። በዓሉ ቅዳሜ ቢሆን ኖሮ ያው የጥር ቀን እሑድ ላይ ይውልና 8 ተጨምሮ ሰኞ ይሆናል። ዓርብ ቢሆን ቅዳሜ፣ 2 ሲጨመር አሁንም ሰኞ። መጥቅዕ ከ14 አንሶ በዓሉ ወደ ጥቅምት፣ ነነዌ ወደ የካቲት ሲዞርም ርቀቱ ያው አራት ወር ስለሆነ ያው ሰንጠረዥ ያገለግላል። ሰባቱም ቁጥሮች ጾሙ ሰኞ እንዲገባ ተለክተው የተቆረጡ ናቸው።

በነነዌ ቀን ላይ የሚጨመረው የፋሲካ ተውሳክ ደግሞ 9 ነው። 25 እና 9፣ 34፤ 30 ሲገደፍ 4፤ ሚያዝያ 4። ከነነዌ እስከዚያ 69 ቀን አለ፤ ዘጠኝ ሳምንት ከስድስት ቀን። ከሰኞ ስድስት ቀን ሲቆጠር እሑድ ነው።