«በደስታ» ብቻውን አይበቃም

ደስታን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሦች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ሁሉንም «በደስታ» በሚል አንድ ፍቺ የመጠቅለል ልማድ አለ። ልማዱ የመዝገበ ቃላት አዘጋጁን ድካም ያቃልላል፤ ተርጓሚውን ግን ያሳስታል።

«ሃፒሊ» የሚለውን እንመልከት። ቃሉ የተገኘበት «ሃፕ» በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ዕድል ማለት ነበር። በዓረፍተ ነገር መነሻ ሲገባ እስከ ዛሬ ወደዚሁ ፍቺ ያዘነብላል፤ የሚገልጸውም የባለቤቱን ስሜት ሳይሆን የተናጋሪውን አስተያየት ነው። ይህን ያልለየ ተርጓሚ «ቤቱ በደስታ ከቃጠሎ ተረፈ» ብሎ ይጽፋል፤ አማርኛው ግን «ደግነቱ፣ ቤቱ ከቃጠሎ ተረፈ» ነው።

«ግላድሊ» ብዙውን ጊዜ ፈቃደኝነትን ስለሚያመለክት «በሙሉ ፈቃድ» ይስማማዋል። «ቺርፉሊ» ከፊት የሚነበብ ነውና «በብሩህ ገጽ» ቢባል ይቀርበዋል። «ግሊፉሊ» አንዳንድ ጊዜ በሌላው ውድቀት መደሰትን ይጨምራል፤ «በሐሤት» ብንለው መንፈሳዊ ልብስ እናለብሰዋለን፤ «እየፈነደቀ» ይሻላል።

ከዚህም በላይ «ደስ ብሏት ተቀበለችው» ስንል፣ ቦዝ አንቀጹ ደስታው የማን እንደ ሆነ ለይቶ ያሳያል፤ «በደስታ» ይህን አያደርግም። ስለዚህ መዝገበ ቃላት ከእያንዳንዱ ፍቺ ጋር ቃሉ በዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚይዘውን ስፍራና ምሳሌ ሊያቀርብ ይገባል።