ሠላሳ ስምንት ስላይድ

ባለፈው ሰሞን ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ፣ ጀበና ቡና ከምትሸጥ ሴት ዘንድ በርጩማ ላይ ተቀምጠን አንድ ወዳጄ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ለስልጠና ህንድ ደርሶ መጥቷል። ለባልደረቦቹ የሚያቀርበውን ሪፖርት እንዳይለት ፈልጎ ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህርነቱን ከተውኩ ቆየሁ፤ የቀይ እስክሪብቶው አመል ግን አለቀቀኝም።

ሪፖርቱ ሠላሳ ስምንት ስላይድ ነው። ስድስቱ ታጅ ማሃል። አራቱ ሰርተፊኬት ሲቀበል። (ሰርተፊኬት ባይኖር ጉዞ የሚባል ነገር ይኖር ይሆን?) ዴልሂ፣ ቱግላካባድ የሚገኘውን የሳይንስና የአካባቢ ማዕከል የጎበኙበት ቀን ግን በሁለት ስላይድ አለቀ፤ አንዱ የሕንፃው በር፣ ሌላው «ዘመናዊ የምርምር ተቋም ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር። እንዴ! ምኑ ነው ዘመናዊው?

ያን ማዕከል በ1980 እ.ኤ.አ. የመሠረተው አኒል አግራዋል ምህንድስና ተምሮ ጋዜጠኛ የሆነ ሰው ነው። ማዕከሉ በ1982 ስለ ህንድ አካባቢ ይዞታ ያወጣውን ጥራዝ «የዜጎች ሪፖርት» አለው። የመንግሥት አላለውም፣ የባለሙያም አላለውም። እርግጥ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ግን አኑፓም ሚሽራ የተባለ ሰው ወደ ሂንዲ መለሰው። ይኸው ሰው በ1993 ስለ ጥንት ኩሬዎችና ስለ ቆፋሪዎቻቸው በሂንዲ መጽሐፍ ጻፈ፤ ማንም እንዲያባዛው ብሎም የባለቤትነት መብቱን ተወው። ማዕከሉም በ1997 የአባቶችን የውኃ አያያዝ ጥበብ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰበሰበ።

የወዳጄ ሪፖርት ያሳዘነኝ እዚህ ላይ ነው። ሕንፃውን አየ፤ ቋንቋውን አላየም። የእኛ ችግር ደግሞ ሕንፃ ብቻ መሰላችሁ? ከነቀምቴ ብዙ ስለማይርቀው የኮምቶ ደን የተጻፉ ጥናቶች አሉ፤ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ዛፉ «ኮርዲያ አፍሪካና» ይባላል፤ ሥሩ ተጠልሎ ያደገው ገበሬ ግን «ዋዴሳ» ይለዋል፣ እኛ «ዋንዛ» እንላለን። ደኑ ሲመነጠር መጀመሪያ ምንጩ የሚደርቅበት እሱ ነው፤ ስለ ደኑ የተጻፈውን የማያነበውም እሱ ነው። ይህ የሚሆነው ደግሞ ኦኔሲሞስ ነሲብ ባስተማረበት ከተማ ነው! ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ያሳተመው በ1899 ነበር፤ በ1931 ያረፈውም እዚሁ ነቀምቴ ነው።

ይህን ስለው ወዳጄ ቅር አላለውም። ላፕቶፑን ከደነና ስኒውን አነሳ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? የኮምቶን ጥናት እኔም አላነበብኩትም።»

ፍላሼ ላይ አንዱ ነበረ፤ ሰጠሁት። ታጅ ማሃሎቹን ወደ ሁለት ዝቅ እንዲያደርጋቸውም ተስማማን። ሦስት ይሁን ብሎ ተከራክሮኝ ነበር።