ዝናቡን በዓይኑ ያየ ማን ነው?

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደሮች ለወሬ ያወጡለት ስም አያምርም። «ላትሪነንፓሮለ» ይሉት ነበር፤ ከአዛዡ ድንኳን ሳይሆን ወታደሩ በረድፍ ተቀምጦ ከሚያወጋበት መጸዳጃ የወጣ መልእክት ለማለት። በዚያው ጦርነት አውስትራሊያውያን «ፈርፊ» አሉ። ፈርፊ በውኃ ጋሪዎች ላይ በትልቁ የተጻፈ የሠሪው ስም ሲሆን፣ ጋሪው በጦር ሰፈሩ ሲዞር ውኃውን ከነወሬው ያድል ነበር።

ለጅጅጋ የከብት ደላላ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በሶማሌ ክልል በሐርሺንና በቀብሪበያህ ድርቅ ሲጠናና ቢርካው፣ ማለትም የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያው ጉድጓድ፣ ሲደርቅ ውኃ በቦቴ ይመጣል፤ ሹፌሩም የየት አገር ሰማይ እንደጠቆረ ሳይጠየቅ አያልፍም።

አርብቶ አደሩ ግን ሰማሁ ብሎ ጓዙን አይጭንም። «እዚያ ማዶ ዘንቧል» ከተባለ መጀመሪያ «ሰሃን» ይልካል። ሰሃን ስፍራው ድረስ ሄዶ የሚያጣራ ሰው ነው፦ ሣሩ በቅሏል ወይስ መሬቱ ብቻ ረጥቧል? ውኃው ስንት ቀን ያቆያል? በሽታ አለ? የአካባቢው ጎሳስ ሰላም ነው? በሐሰት ዝናብ ተስቦ የከሳ መንጋ ይዞ መንገድ የገባ ሰው ከብቱን በየመንገዱ ይጥላል። ጋዜጣ አዘጋጆች ሊቀኑበት የሚገባ ሥርዓት ነው። ዛሬ ሞባይል መንገዱን አሳጥሮታል፤ «አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?» የሚለው ጥያቄ ግን አልቀረም።

ወሬን ለመግታት ገበያውም የራሱ ዘዴ አለው። ሻጭና ደላላ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ይደራደራሉ፤ ዙሪያውን የቆመው ሰው ዋጋውን አያይም፣ ስለዚህ የሚያዛምተው የለም።

ከባዱ የባሕር ማዶ ወሬ ነው። ራሰ ጥቁሩ የሶማሌ በግ በቶጎ ውጫሌ በኩል በርበራ ወደብ ደርሶ ወደ ዐረብ አገር ይጫናል፤ ሐጅ ሲቃረብ ዋጋው ይወጣል። ሳዑዲ ዐረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ስጋት በ1998 እ.ኤ.አ. እንስሳቱን አገደች፤ በ2000 ዳግመኛ አግዳ እስከ 2009 መጨረሻ አቆየች። እንዲህ ባለ ጊዜ «ሳዑዲ ከፈተች» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ጠንቃቃ ደላላ በርበራ ይደውላል። መርከብ እየጫነ ነው? የማቆያው ግቢ እንስሳ መቀበል ጀመረ? ከዚያ በፊት ግን ወሬውን ያመጣውን ሰውዬ ያየዋል፤ ከኋላው የሚሸጥ በግ አቁሞ ከሆነ «ከፈተች» ማለቱ አይገርምም፣ ሊገዛ የመጣው ደግሞ «ዘጋች» ይላል።