ጭቃውና የጸሎት መጽሐፉ፤ ስለ ሃሎዊን የማያልቀው ክርክራችን

ያለፈው ዓመት ኦክቶበር 31 ማታ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የእህቴ ቤት የበረንዳ መብራት ጠፍቶ ነበር። እዚህ አገር በዚያች ምሽት የጠፋ መብራት «አታንኳኩ» ማለት ነው። ሳሎኑንም አጨለምነው። እህቴ፣ ባሏ፣ የስድስት ዓመት ልጃቸውና እኔ ኩሽና ውስጥ ድምፃችንን ቀንሰን ራት በላን። ውጭ የልጆች ሳቅ ይመጣል፣ ይሄዳል። ልጅቷ ሁለቴ ከወንበሯ ወርዳ በመጋረጃው ጥግ አጮለቀች። ሁለተኛውን ጊዜ ወደ እኔ ዞራ «አጎቴ፣ ከማን ነው የተደበቅነው?» አለችኝ። እኔ መልስ አልነበረኝም።

እህቴ ግን ነበራት። በቴሌግራም የደረሳት የአንድ ሰባኪ ቪዲዮ ሃሎዊን ጥንት አረማውያን ሙታንን ያመልኩበት የነበረ፣ ዛሬም ሰይጣን የሚከብርበት ቀን ነው ይላል። ሁለት ቤት አልፎ ያለው የአበሻ ጴንጤ ቤተሰብም ያንኑ ቪዲዮ አይቶ መብራቱን አጥፍቷል። ኦርቶዶክሱና ጴንጤው በአንድ ነገር ሲስማሙ ማየት ብርቅ ስለሆነ ለጊዜው ዝም አልኩ። ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ አንድ ነገር «ከመነሻው የተበላሸ ነው» ሲባል መጀመሪያ የማደርገው ታሪኩን ወደ ኋላ ማየት ነው። ማን ጻፈው? መቼ? ምን ተጨመረበት? ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ሙሉ ስለዚህች ምሽት የተሠሩ ሥራዎችን ሳነብና ስመለከት ከረምኩ። ክርስቲያን ሃሎዊን ውስጥ ይግባ አይግባ የሚለውን ጥያቄ አንዳንዶቹ ከስብከቱ በተሻለ ያዩት ይመስለኛል። (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ስሙ ራሱ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ማለት ነው። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ኖቬምበር 1 ቀን ቅዱሳንን ሁሉ ታስባለች፣ በማግሥቱ ለሙታን ሁሉ ትጸልያለች። የተለመደው ትረካ፣ ቤተ ክርስቲያን የአየርላንዶችን ሳዊን የተባለ የሙታን በዓል ወስዳ ክርስትና አነሣችው ይላል። እንግሊዛዊው የታሪክ ተመራማሪ ሮናልድ ሀተን በ1996 ባሳተመው «ዘ ስቴሽንስ ኦፍ ዘ ሰን» ውስጥ ይህን ትረካ ክር በክር ይፈታዋል። ሳዊን የሚባል በዓል በእርግጥ ነበር፤ የክረምታቸው መባቻ ነው፣ ከብት ከበጋው ግጦሽ ይመለሳል፣ ሰው ይሰበሰባል። ሙታን የሚመለኩበት ለመሆኑ ግን አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ሐሳቡን ያስፋፋው ጀምስ ፍሬዘር ነው፤ እሱም የገመተው ከኋለኛው ዘመን ልማድ ተነሥቶ ነው። ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ነው። የጥንቷ የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ሁሉን በዓል ታከብር የነበረው ኤፕሪል 20 ቀን ነው! በዓሉን ኖቬምበር 1 ላይ ያዋሉት እንግሊዞቹና ጀርመኖቹ ናቸው። እንደ ሀተን ከሆነ ሙታን ወደዚህች ምሽት የገቡት በዋነኛነት በክርስቲያኖች ጸሎት በኩል ነው።

ሀተን አንባቢን የሚያባብል ጸሐፊ አይደለም፤ ገጹ በ«ምናልባት» የተሞላ ነው። ለእህቴ የደረሳት ቪዲዮ ውስጥ አንድም «ምናልባት» የለም።

እሺ፣ ሰባኪው ልክ ነው እንበል። መነሻው አረማዊ ይሁን። ከዚያስ? እኔ ልጅ ሆኜ በቡሄ ሰሞን ዱላ ይዤ፣ መሬት እየደበደብኩ፣ ከጓደኞቼ ጋር ሆያ ሆዬ እያልኩ በየቤቱ ዞሬአለሁ። በር ይከፈታል፣ ሙልሙል ወይም ሳንቲም እንቀበላለን፣ መርቀን እንሄዳለን። ጅራፉም ነበር፣ ችቦውም ነበር። ካህናቱ ጅራፉ በደብረ ታቦር የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው፣ ችቦው የተገለጠው ብርሃን ነው ብለው አስተማሩን፤ እኛም አመንን። የመጀመሪያው እረኛ ጅራፉን ሲያጮኸው ምን እያሰበ እንደነበር የጠየቀ የለም። አንድን ልማድ የሚያስኮንነው መነሻው ከሆነ ከኛ ጓዳም ብዙ ነገር ተለቅሞ ሊወጣ ነው። ጴንጤው ጎረቤታችን እዚህ ላይ «እኮ! ያም ይቅር» ሊለኝ ይችላል። ቢያንስ እሱ አቋሙ ወጥ ነው። የእህቴ ግን አይደለም፤ ልጇን በነሐሴ ሆያ ሆዬ ታስጠናታለች፣ በኦክቶበር ትደብቃታለች። አንድ ነገር ልጨምር፤ ኦክቶበር 31 ከአራት ዓመት ሦስቱን በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ላይ ይውላል። ማርያም ናት።

ወደ ጀምስ ጆይስ ልምጣ። በ1914 በወጣው «ደብሊነርስ» ውስጥ «ክሌይ» የሚል አጭር ልቦለድ አለ፤ ጭቃ ማለት ነው። ታሪኩ የሚውለው በሃሎዊን ማታ፣ ደብሊን ውስጥ ነው። ማሪያ ትንሽዬ፣ በዕድሜ የገፋች፣ ያላገባች ሴት ናት፤ በአንድ የልብስ ማጠቢያ ተቋም ኩሽና ትሠራለች። የዚያን ማታ ፈቃድ አግኝታ፣ በሞግዚትነት ያሳደገችው ጆ ቤት ልትጫወት ትሄዳለች። ብዙ መርጣ የገዛችውን ውድ ኬክ ትራም ውስጥ ትረሳዋለች። ከደረሰች በኋላ የጎረቤት ልጆች የሃሎዊን ጨዋታ ያዘጋጃሉ፤ ዓይን ይሸፈንና እጅ ወደ ሳህኖቹ ይዘረጋል። ቀለበት የነካች ታገባለች፣ የጸሎት መጽሐፍ የነካች ገዳም ትገባለች፣ ውሃም አለ። ማሪያ ዓይኗ ተሸፍኖ እጇን ስትሰድ አንድ እርጥብና ለስላሳ ነገር ትነካለች። ቤቱ ጸጥ ይላል። ከዚያ ሹክሹክታ፣ ትንሽ ግርግር፣ የቤቱ እመቤት ለአንዷ ልጅ ቁጣ። ነገሩ ወደ ውጭ እንዲጣል ይደረግና ማሪያ እንደገና ትሞክራለች፤ አሁን የጸሎት መጽሐፍ ይደርሳታል። ጭቃ የሚለው ቃል ከርዕሱ ውጪ አንድም ቦታ አልተጻፈም። በጨዋታው ሕግ ጭቃ ሞት ነው። አንባቢው ያውቃል፣ ቤቱ በሙሉ ያውቃል፤ ማሪያ ብቻ አታውቅም። ወይም እንደማታውቅ ትሆናለች።

ይህን ታሪክ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የያዘኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ማሪያ ከመውጣቷ በፊት ክፍሏ ገብታ የማንቂያ ሰዓቷን ከሰባት ወደ ስድስት ታዞረዋለች፤ ነገ ቅዳሴ አለ። የሃሎዊኑ ጨዋታና የቅዱሳን ሁሉ ቅዳሴ በአንድ ሰዓት ላይ ተሞልተዋል! እዚያ ቤት ውስጥ «ይህ ለክርስቲያን ይፈቀዳል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዋዜማ ነው፤ ዋዜማ ላይ ይጫወታሉ፣ ሲነጋ ይሳለማሉ።

በሁለተኛው ንባብ ግን ደስታዬ ቀነሰ። ጆይስ ለቤተ ክርስቲያን የሚሳሳ ጸሐፊ አይደለም፣ የጸሎት መጽሐፉንም እንደ መድኃኒት አላቀረበውም። የቤቱ ሰዎች መጽሐፉን ለማሪያ የሰጧት ጭቃውን ለመሸፈን ነው። ሞት ጠረጴዛቸው ላይ መጣ፤ ፊቱን ማየት አልቻሉም፣ ወደ አትክልቱ አስወረወሩትና በምትኩ የተቀደሰ ነገር አስቀመጡ። ጨዋታው አልነበረም ጥፋቱ። ጥፋት ካለ፣ ልጆቹ በአንዲት ምስኪን ሴት ላይ መቀለዳቸውና ትልልቆቹ በጸጥታ ማድበስበሳቸው ነው። ከዚህ በኋላ ጥያቄው «መነሻው ምንድን ነው?» መሆኑ ቀረብኝ። ይህች ምሽት ሞትን ምን ታደርገዋለች? ጠረጴዛው ዙሪያ ያለውን ደካማ ሰውስ?

በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ፣ ሃሎዊንን ሸሽተው ሌላ የሠሩት ክርስቲያኖች ሃሎዊን ካከበሩት ብሰው የሚገኙበት ጊዜ አለ። የጆርጅ ራትሊፍ «ሄል ሃውስ» (2001) የተባለው ዘጋቢ ፊልም፣ ቴክሳስ ሴዳር ሂል ያለ አንድ የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ለሃሎዊን ሰሞን የሚያዘጋጀውን «የሲኦል ቤት» ያሳያል። ጎብኚው ቲኬት ቆርጦ ይገባል፤ በየክፍሉ ወጣት ምእመናን ይተውናሉ። ጽንስ አስወርዳ የምትደማ ልጅ፣ በኤድስ የሚሞት ግብረ ሰዶማዊ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚተኩስ ተማሪ፣ ራሱን የሚያጠፋ ወጣት። መጨረሻ ላይ ሲኦል፣ ከዚያ «አሁን ወስኑ» የሚል ጥሪ። ራትሊፍ ተራኪ አላስገባም፣ አይፈርድም፣ ካሜራውን አቁሞ ያያል። ፊልሙን ጥሩ ያደረገው ይሄ ነው። እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልጆቹን ብቻውን የሚያሳድግ፣ ልጁን ሕመም ሲጥለው አቅፎ የሚጸልይ አባት እናያለን፤ ሰዎቹን መጥላት አይቻልም። ሥራቸውን ግን መውደድ አልቻልኩም። የጎረቤት ልጅ የፕላስቲክ ጭንብል አድርጎ ያስፈራል፤ እነሱ የሌላን ሰው እውነተኛ መከራ አጥልቀው ያስፈራራሉ።

ለዘብ ያለው አማራጭ «የመኸር በዓል» ነው። ብዙ ቤተ ክርስቲያናት በዚያው ሰሞን ያዘጋጁታል፤ ያው ልብስ፣ ያው ከረሜላ፣ ያው ዱባ፣ ስሙ ብቻ ሌላ። አልቃወምም፣ ልጆች ደስ ይላቸዋል። በሙያዬ ግን የቫሪያብል ስም መቀየር ፕሮግራሙን እንደማይቀይረው በየቀኑ አያለሁ። እንዲያውም አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ልጆቹ የሚቀበሉት ከራሳቸው ምእመናን ነው። የማያውቁትን ጎረቤት በር አያንኳኩም።

ስለ በር ካነሣሁ የቻርልስ ሹልትዝን ካርቱን፣ «ኢትስ ዘ ግሬት ፓምፕኪን፣ ቻርሊ ብራውን»ን (1966) መዝለል አልችልም። ሹልትዝ ራሱ የሰንበት ትምህርት ያስተማረ ሰው ነው። ትንሹ ላይነስ በሃሎዊን ሌሊት ከዱባ እርሻ ውስጥ «ታላቁ ዱባ» ይነሣል ብሎ ያምናል፤ ከረሜላ መሰብሰቡን ትቶ በብርድ ይጠብቃል። አይመጣም። በእምነት ላይ የተቀለደ የሚመስለው አለ። እኔ ያየሁት እህቱን ሉሲን ነው። በየቤቱ ስትዞር እየተነጫነጨች ለሱም ትለምንለታለች። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ነቅታ አልጋው ባዶ መሆኑን ስታይ ኮቷን ደርባ ትወጣለች፣ እየተንቀጠቀጠ ያገኘችውን ወንድሟን ይዛው ትመጣለች፣ ጫማውን አውልቃ ታስተኛዋለች። አንድም ቃል አትናገርም። በእምነቱ አልተስማማችም፤ ከብርድ ግን አወጣችው።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ስለ ጣዖት ሥጋ የሚለው ነገር ከዚህ ሩቅ አይደለም። ከገበያ የመጣውን ሳትጠይቁ ብሉ ይላል፤ ነገር ግን አጠገባችሁ ያለ ሰው «ይህ የተሠዋ ነው» ካላችሁ ተዉት፣ ስለ ራሳችሁ ሕሊና ሳይሆን ስለ እሱ። እኛ «ሥጋው የማን ነው? የክርስቲያን ነው የእስላም?» ሳንል የማንቀመጥ ሕዝብ ነን፤ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ምግብ ቤት ውስጥ ጭምር። የመጀመሪያውን ክፍል ሰምተነው የምናውቅ አይመስለኝም። ሁለተኛው ክፍል ነው እኔን ወደ ቤቴ የመለሰኝ። የማን ሕሊና ነበር የቆሰለው?

አባታችን ያረፈው ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ነው። እህቴ ቀብሩ ላይ አልደረሰችም፤ የአባቷን መቃብር ያየችው በስልክ፣ ግንኙነቱ እየተቆራረጠ ነው። አርባውን እዚህ አወጣን። በዚያው ሰሞን ፊት ለፊት ያለው ቤት ሣር ላይ አራት የፕላስቲክ የመቃብር ድንጋዮች ተተከሉ፤ ከአንደኛው ሥር እጅ ይወጣል። እህቴ በየጠዋቱ ልጇን ይዛ በሩን ስትከፍት የምታየው እሱን ነበር። ይህን የነገረችኝ ከወራት በኋላ፣ ፋሲካ ሰሞን ሽንኩርት ስንከትፍ ነው። «እኔ አፈር እንኳ አልበተንኩበትም፤ እነሱ ይጫወቱበታል» አለች። ስለ አረማውያንም ስለ ሰይጣንም አላነሣችም። ቪዲዮው ያን ጊዜ በሰዓቱ ደረሰላትና ልትናገረው ያቃታትን ነገር ሸፈነላት። እኔም በሀተን መጽሐፍ ልረታት ስዘጋጅ ነበር።

ፍርዴን ከጠየቃችሁኝ፣ በሩ ይከፈት ባይ ነኝ። ልጅ ይልበስ፣ ይዙር፣ ከረሜላ ይስጥ፣ ይቀበል። መነሻው ላይ የተገነባው ክርክር አይቆምም፤ ቢቆምም እኛን ይዞ ይወድቃል። የፕላስቲኩ ሬሳና የሚደማው ጭንብል ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ላይ እህቴ ልክ ናት፤ የሰባኪው ምክንያት ልክ ስለሆነ ግን አይደለም።

ዘንድሮ መስከረም መጨረሻ ላይ እህቴ መንገዱን ተሻግራ ለፊት ለፊቷ ሴትዮ ነገረቻት። ሴትዮዋ አፏን በእጇ ሸፍና ይቅርታ ጠየቀች፤ ባለፈው ዓመት ሐዘን ላይ መሆናችንን ከየት ትወቅ? መብራታችን ጠፍቶ ነበር። ዘንድሮ ድንጋዮቹን አላወጣቻቸውም። እጁ ግን ከሣሩ ውስጥ ብቻውን ተተክሎ አየሁት። እህቴም አይታዋለች፣ ምንም አላለችም።

ልጅቷ ዝሆን ሆነች። ከእኔ ጋር ሁለት መንገድ ዞረን ኩምቢዋ ሲረግፍ ተመለስን። እህቴ ነጠላዋን ደርባ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች፤ ለሚመጣው ልጅ ሁሉ እፍኝ ሙሉ ነው የምትሰጠው። «አንድ አንድ ነው የሚሰጠው» ብላት «ሂድ ወዲያ፣ ማርያም ናት» አለችኝ። ያም ሆኖ ብዙ ተረፈ። የቀረውን ቢሮ ወሰድኩት።