በርክሌይ የዘጋቸው ትምህርቶች

በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ በነፃ በኢንተርኔት ካቀረባቸው ትምህርቶች ብዙዎቹ ንግግሩን የሚያሳይ ጽሑፍ ስላልነበራቸው፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሊከታተሏቸው አልቻሉም። የፍትሕ ሚኒስቴር ይህንኑ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ቢያስታውቀው፣ ዩኒቨርሲቲው በ2017 ከ20,000 የሚበልጡ የድምፅና የቪዲዮ ቅጂዎችን ለሕዝብ እንዳይታዩ ዘጋ። የሚሰማው አጣ፤ የማይሰማውም አላገኘ። ይህን እኩልነት ብሎ መጥራት ለእኛ አይዋጥልንም። በእርግጥ የወጪውን ነገር አናቃልልም። ነገር ግን ወጪውን ያከበደው የሥራው መከማቸት ነው እንላለን። ጽሑፉ ትምህርቱ በተቀረጸበት ሳምንት ቢዘጋጅ፣ ኮምፒዩተሩ የሚያበላሻቸውንም የሙያ ቃላት መምህሩ ራሱ ቢያርም ኖሮ ሸክሙ በቀለለ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በኢንተርኔት የሚያወጣውን አብዛኛውን ለአካል ጉዳተኞች እንዲመች ለማድረግ፣ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ግዴታ የገባው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2022 ነው።