ከስድብ ወደ ውዳሴ፦ የሸማው ሒስ የት ቀረ?

"የእጅ ሥራ ነዋ!"

ሽሮ ሜዳ ላይ የአንድ ቀሚስ ጥለት መጋጠሚያው ላይ አልገጥም ማለቱን ለሻጭ ባሳየሁ ቁጥር የማገኘው መልስ ይህ ነው። አጭር ነው፤ ክርክርም አያስቀጥልም። ሰው ነው የሠራው፣ ሰው ደግሞ ይሳሳታል፣ እንግዲህ ዝም ብለህ ክፈል ነው ነገሩ። እኔ ግን ይህች አነጋገር የሸማ ጥበባችንን ከማሽን ባልተናነሰ እየጎዳችው ነው ባይ ነኝ። "የእጅ ሥራ" ማለት ሙገሳ ነበር፤ ዛሬ ማመካኛ ሆኗል።

ለዘመናት ሸማኔን ስንሰድበው ኖርን። ከጋሞ ደጋ መጥቶ በእንጦጦ ግርጌ ጉድጓዱን ቆፍሮ የተቀመጠውን፣ እኛን አልብሶ እሱ የተራቆተውን ሰው ስሙን በክፉ ስናነሳ ኖርን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ንቀቱ አገር ያወቀው ስለነበር ነው። ስድቡ ሲቀንስ (ጨርሶ ጠፋ አላልኩም) ውዳሴ ተተካ። አሁን በዓል በመጣ ቁጥር "ውብ ባህላችን"፣ "የአባቶቻችን ጥበብ" እንላለን። ውድ አንባቢ፣ ስድብንና ውዳሴን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሁለቱም ጨርቁን ገልብጠው አያዩም። ስለ ልቦለድ እንሟገታለን፤ ስለ ሥዕል ኤግዚቢሽን እንጽፋለን፤ ስለ ዘፈን ዜማ እንጣላለን። ስለ አንድ ጋቢ ግን "ያምራል" ከማለት ያለፈ ቃል የለንም።

እስቲ ገልብጠን እንየው።

መጀመሪያ ክሩ። ድሩ የፋብሪካ ክር ከሆነ ቆይቷል፤ በዚህ ሸማኔውን የሚወቅስ የለም። ማጉ ግን የእናቶች ፈትል ነው ተብሎ ከተሸጠ ፈትል መሆን አለበት። ጨርቁን ወደ ብርሃን ማንሳት ነው። የእጅ ፈትል ወፈር ቀጠን ይላል፤ ሆኖም ልዩነቱ በጨርቁ ሁሉ ላይ ተበትኖ ይታያል እንጂ እዚህ ጥቅጥቅ፣ እዚያ ወንፊት አይሆንም። ሁለተኛው ምቱ ነው። ሸማኔው ማጉን በወረወረ ቁጥር መትቶ ያጠብቀዋል። በማለዳው እጅና ምሽት ላይ በደከመው እጅ መካከል ያለው ልዩነት የሚታወቀው የጨርቁን መጀመሪያና መጨረሻ ጎን ለጎን አድርጎ በጣት ሲዳስሱት ነው። የሳሳው ወገን አንድ ጊዜ ሲታጠብ ይላላል። ሦስተኛው ዳሩ ነው፤ ማጉ አንዴ ተስቦ አንዴ ላልቶ ከሆነ ዳሩ እንደ እባብ ይሄዳል። አራተኛው መጋጠሚያው። የሽመናው ዕቃ ጠባብ ስለሆነ ጋቢ የሚሠራው ቁራጮች ጎን ለጎን ተሰፍተው ነው። ጥለቶቹ ስፌቱ ላይ ሲገናኙ ካልተያዩ፣ አንደኛው በተሠራበት ቀን የነበረው ቆጠራ በሌላኛው ቀን ተረስቷል ማለት ነው። የመጨረሻው ጀርባው ነው። ጥሩ ጥለት ከኋላም ይነበባል፤ ክሩ ተንዘላዝሎ ጣት የሚያጠምድ ከሆነ ፊቱ የቱንም ያህል ቢያብለጨልጭ ሥራው የችኮላ ነው።

የእጅ ሥራ ውበቱ አለመስተካከሉ ነው የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። የዘፋኝ ትንፋሽ በዜማው መሐል ይሰማል፤ ያ ጉድለት አይደለም፤ ዜማውን መርሳት ግን ጉድለት ነው። የፈትሉ ወፈር ቀጠን ማለት ትንፋሽ ነው። የጥለቱ ቆጠራ መጥፋት መርሳት ነው። ሒስ ያስፈለገው እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ነው። ካልለየናቸው አደጋው ቅርብ ነው፤ ጥበብ አስመስሎ በማሽን የተሠራ ከውጭ የመጣ ጨርቅ በየሱቁ ተሰቅሏል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ጥለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይዛነፍም። መለኪያችን መመሳሰል ብቻ ከሆነ ማሽኑ ረትቶናል። መለኪያ ከሌለን ደግሞ ገዢው በምን ለይቶ ለእጁ የበለጠ ይክፈል?

እጅ ወጥ የሆነ ሥራ መሥራት አይችልም ለሚል ሰው ኩባን እጠቅስለታለሁ። ኩባ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ተምረውባታል። የሃቫና ሲጋር በእጅ ይጠቀለላል። ጠቅላዩ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት መጠን ያለው ሲጋር ይሠራል፤ ሥራው ሃምሳ ሃምሳ እየታሰረ ወደ ተቆጣጣሪ ይሄዳል። ክብደቱ፣ ርዝመቱ፣ ውፍረቱ ይለካል፤ ጭሱ መሳብ አለመሳቡ ይፈተሻል፤ ቀማሾች አጭሰው ፍርድ ይሰጣሉ፤ የማያልፈው ይመለሳል። ሳጥኑ ላይ ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የታወቀ የመንግሥት ማኅተም አለ፤ ከሥሩም የታሸገበት ወርና የፋብሪካው ምልክት ይመታል። እንዲያም ሆኖ አልሳብ የሚል ሲጋር ለአጫሹ ይደርሰዋል፤ እጅ እጅ ነውና። ልዩነቱ ግን እዚያ "የእጅ ሥራ ነው" የሚባለው ፈተናውን ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። ደግሞም ከ1865 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠራተኞቹ ሲጠቀልሉ ጋዜጣና ልቦለድ የሚያነብላቸው ሰው አላቸው፤ ሞንቴክሪስቶ የተባለው ሲጋር ስሙን ያገኘው ከአሌክሳንደር ዱማ ልቦለድ ነው። ባለሙያ የሚከበረው እንዲህ ነው፤ ጆሮውን ትመግበዋለህ፣ ሥራውንም ትመዝናለህ።

የእኛ ሸማኔ ግን ማን ይመዝንለታል? ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ለነጋዴ ነው፤ የሚከፈለውም በቁጥር ነው። ማጉን አጥብቆ ቢመታ ክር ይፈጃል፣ ጊዜም ይፈጃል፤ የሚጨመርለት ነገር የለም። አሳስቶ ቢመታ ቶሎ ይጨርሳል፣ የሚቀነስበትም የለም። እንግዲህ ጥንቃቄው የሚያከስረው ሰው ቢቸኩል ይፈረድበታል? የሠርግ ልብስ ትዕዛዝ ሲበዛ ደግሞ ነጋዴው ለሦስትና ለአራት ሸማኔ ያከፋፍለዋል። የሙሽራዋ እህቶች ጎን ለጎን ሲቆሙ የአንዷ ጥለት ሰፊ፣ የሌላዋ ጠባብ ሆኖ ይታያል። ያኔ ተወቃሹ ማነው? ጨርቁ ላይ የማንም ስም የለም። ስም የሌለው ሥራ ተወቃሽ እንደሌለው ሁሉ ተመስጋኝም የለውም። ምርጡ ሸማኔና ደካማው ሸማኔ በአንድ መደርደሪያ፣ በአንድ ዋጋ ተጣጥፈው ያድራሉ። ይህ ለደካማው ምሕረት፣ ለምርጡ ግን ቅጣት ነው።

በየካ በኩል፣ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ አንድ የተለየ ምሳሌ አለ። ቀድሞ ከተራራው ቅጠልና እንጨት ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ሽመና ተምረዋል። በባህላችን መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ተደርጎ ስለኖረ ነገሩ ቀላል አይደለም። የአንገት ልብስ ይሸምናሉ፤ እዚያው ይሸጣሉ። ስለ ሴቶቹ የሚነገረው ሁሉ ከሸክም ስለመገላገላቸው ነው፤ ደግ ነገር ነው። ስለ ዳሩ ቀጥታ፣ ስለ ቀለሙ አመራረጥ፣ ስለ ምቱ ጥብቀት ግን ማንም አይጽፍም። በአዘኔታ የሚገዛ ሰው አንድ ጊዜ ይገዛል። ሥራው አሳምኖት የገዛ ይመለሳል። ለእነዚህ ሴቶች ከእንባችን ይልቅ ዓይናችን ይጠቅማቸዋል።

ፍርዴን ልስጥ። በሽሮ ሜዳ መደርደሪያዎች ላይ ዛሬም ከየትኛውም አገር ጨርቅ ጋር የሚወዳደር ሸማ አለ፤ ግን መፈለግ ይጠይቃል፤ የተመረጠውም ከማይረባው ጋር ተቀላቅሎ ነው። ጥበቡ አልሞተም። የሞተው ዳኝነቱ ነው። ሸማኔው በጨርቁ ጥግ ላይ ምልክቱን ያስገባ፤ ነጋዴው ጥብቁን ከስሱ በዋጋ ይለይ፤ ገዢውም ከመደራደሩ በፊት ጨርቁን ይገልብጥ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል ተረቱ። የላላ ድር ግን ቢያብርም ብርድ እንኳን አያስጥልም።